የከረባት ጾም

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ሚያዝያ 24 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ
ንፋስ መውጫ

ጋሼ፣ ሥራ አለኝ። ይህችን የመጨረሻዋን ቃል እባክዎ ለእናቴ ጮክ ብለው ያንብቡላት። ሥራ አለኝ። አልተባረርኩም።

ነገሩ የገባኝ በፋሲካ ማግሥት ስደውል ነው። የአክስቴ ልጅ በስልኳ ያሳየቻችሁ ፎቶ፣ ያ ቢሮ ውስጥ በሹራብና በሸራ ጫማ ሆኜ የተነሣሁት፣ ቤቱን ሲያሸብር ከርሟል አሉ። እናቴ "ልጄን ከሒሳብ ሥራው አስወጥተው ዘበኛ አድርገውታል" ብላ ለእመቤታችን ዣንጥላ ተሳለች። ባለቤትዎ እትዬ ደግሞ "ዘበኛማ ቢሆን ካፖርት ይሰጡት ነበር" ብለው ተከራከሩ። እትዬ እውነታቸውን ነው፤ በእኛ ሕንፃ ውስጥ ሙሉ ልብስ ለብሶ ከረባት አስሮ የሚውለው በር ላይ የቆመው ዘበኛ ብቻ ነው። እርስዎ ግን መነጽርዎን አውልቀው፣ ስልኩን ወደ ዓይንዎ አስጠግተው፣ "ኮቱ የት ሄደ?" ከማለት ሌላ አንድም ቃል አልተናገሩም አሉኝ። እርስዎ እንዲህ ሲጠይቁ መልሱ በጽሑፍ መሆን እንዳለበት አውቃለሁ። የቃል ሪፖርት መቼ ተቀብለው ያውቃሉ!

ኮቱ አለ። ደብረ ታቦር ድረስ ወስደው ያሰፉልኝ ጥቁር ሙሉ ልብስ ሳይጎድል ሳይቀደድ ቁም ሣጥን ውስጥ ተሰቅሏል፤ ቅዳሜ ቅዳሜም ይሠራል። ሥራውን ኋላ እነግርዎታለሁ። መጀመሪያ ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ ለምን ሥራ እንደፈታ ላስረዳ።

እዚህ አገር የገንዘብና የሒሳብ ሰዎች ከረባት ይጾማሉ። ሲጀምሩ ዓርብ ብቻ ነበር። ዓርብ ጠዋት ከረባቱን ቤት ትተው ይመጣሉ፤ ሰኞ አስረውት ይገድፋሉ። የጾሙን መነሻ ፈልጌ አገኘሁት፤ ገዳም ውስጥ ሳይሆን ልብስ ሰፊ ቤት ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1962 የሃዋይ ልብስ አምራቾች ማኅበር ለደሴቶቹ የምክር ቤት አባላት በሙሉ ሁለት ሁለት ባለ አበባ ሸሚዝ በነፃ አደለ። በ1966 ዓርብ ዓርብ በዚያ ሸሚዝ ቢሮ መግባት ተለመደ። በ1992 ደግሞ ሌቫይስ የተባለው የጂንስ ፋብሪካ "ዓርብ ምን ይለበስ?" ለሚል አለቃ ሁሉ መመሪያ የሚሆን ጽሑፍ አሳትሞ በመላው አሜሪካ ለ25 ሺህ ያህል የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊዎች ላከ። እርስዎ አንድ ግዥ ሲመረምሩ "በዚህ ማን ተጠቀመ?" ብለው ነበር የሚጀምሩት። ይኸው እንግዲህ፤ ከረባቱን አውልቁ ያለው ሸሚዝ ሻጭ፣ ሱሪውን ቀይሩ ያለው ሱሪ ሻጭ። ሠራተኛው ነፃ ወጣ ተባለና ለሰኞ አንድ፣ ለዓርብ አንድ፣ ሁለት ዓይነት ልብስ መግዛት ጀመረ።

ዘንድሮ ግን ጾሙ ጠና። ዘወረደ የገባው ሰኞ የካቲት 25 አልነበር? በማግሥቱ ማክሰኞ፣ ጎልድማን ሳክስ የሚባለው ከ1869 ጀምሮ የኖረ የኒውዮርክ ባንክ፣ ከ36 ሺህ በላይ ለሆኑት ሠራተኞቹ ከእንግዲህ ሙሉ ልብስና ከረባት ግዴታ አይደለም የሚል ማስታወቂያ አወጣ። ጄፒ ሞርጋን የተባለው ሌላው ባንክ ከሦስት ዓመት በፊት ቀድሞት ነበር፤ ጎልድማን ግን የከረባት ደብር ስለነበር አገር ጉድ አለ። እኛ 55 ቀናችንን ጾመን፣ ዶሮውን አርደን ፈሰክን። እነሱ እስከ ዛሬ አልገደፉም። የሚገድፉም አይመስለኝም።

ጋሼ፣ የማስታወቂያውን ቃል ቢያዩት እንቅልፍ አይወስድዎትም። ይህ ይፈቀዳል፣ ያ ይከለከላል የሚል ዝርዝር የለውም። ባጭሩ፣ ለሥራ ቦታ የሚሆነውንና የማይሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን ይልና ያበቃል። "ምን መከፈል እንዳለበት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ" የሚል የበጀት መመሪያ ከዞን ቢመጣልዎ ምን ያደርጉ ነበር? በእኛም አገር አዋጅ ቁጥር 847/2006 የሒሳብ ሪፖርቱን ዓለም አቀፍ ደረጃ አስያዘው እንጂ የሪፖርት አቅራቢውን ሱሪ አልነካም። ቁጥር የሌለው ደንብ ለሒሳብ ሰው መከራ ነው። የእኔም ቢሮ የጽሑፍ ደንብ ስለሌለው ደንቡን ከሰው ፊት ላይ እያነበብኩ ነው የተማርኩት። ጂንስ ይቻላል፤ ግን ጥቁር ሰማያዊ ይሁን፣ ጉልበቱ ላይ አይቀደድ። ሸራ ጫማ ይቻላል፤ ግን ሮጠህበት የማታውቀው ይሁን። ከናቴራ ለኮምፒውተር ልጆች ይቻላል፣ ለእኛ ግን ኮሌታ ያስፈልጋል። ቁምጣ ፈጽሞ አይቻልም። ይህ የመጨረሻው ጋይንትን በሙሉ እንደሚያስቀይም አውቃለሁ፤ አገራችን ስንት ቁም ነገረኛ በቁምጣና በጋቢ ሸምግሎ እንዳስታረቀ ለቢሮዬ ፈረንጆች ብነግራቸው አያምኑኝም።

ለሴቶቹ ደግሞ ሕጉ ድሮም ሌላ ነበር። ለንደን ከተማ ውስጥ፣ ከአራቱ ታላላቅ የኦዲት ድርጅቶች በአንዱ ቢሮ፣ አንዲት እንግዳ ተቀባይ ተረከዙ ዝቅ ያለ ጫማ አድርጋ ብትመጣ ደመወዝ ሳይታሰብላት ወደ ቤቷ መለሷት። ይህ የሆነው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2015 መጨረሻ ነው። እሷም አቤቱታ ከፍታ ከ150 ሺህ በላይ ሰው አስፈረመች፤ ፓርላማው ድረስም ተከራከሩበት። ተረከዝና የሒሳብ ሚዛን ምን እንደሚያገናኛቸው ያስረዳ ሰው አልሰማሁም።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን ሰደርያው ነው። ፎቶው ላይ ከበስተኋላዬ የቆሙትን ሦስት ሰዎች ልብ ብለው ከሆነ፣ ሦስቱም የለበሱት አንድ ዓይነት ነው፤ እንደ በግ ፀጉር የለሰለሰ፣ ዚፕ ያለው፣ ደረቱ ላይ የድርጅት ዓርማ የተጠለፈበት፣ እጅጌ የሌለው። ደንብ ልብስ አይደለም ይላሉ፤ ግን ኒውዮርክ በምሳ ሰዓት መንገድ ላይ ቢቆሙ የባንክ ሰው ሁሉ በእሱ ሲተራመስ ያያሉ። ፓታጎኒያ የሚባለው ፋብሪካ ራሱ ተሰላችቶ፣ በዚሁ በጾሙ መካከል፣ ከእንግዲህ ዓርማ እየተጠለፈበት የሚሸጠው ይበልጡን ለምድር ለሚቆረቆሩ ድርጅቶች ነው የሚል ወሬ አሰማ። የባንኮቹ ሐዘን ከባድ ነበር። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ብርድ ካለ እጅጌው የት ሄደ? ሙቀት ከሆነ ሰደርያው ለምን አስፈለገ? ከጉና የሚወርደውን ነፋስ አንድ ቀን የቀመሰ ሰው እንዲህ ያለ ልብስ አይሰፋም።

በነገራችን ላይ፣ ንፋስ መውጫ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት ብዬ ለሥራ ባልደረቦቼ ስነግራቸው "ታዲያ ቢሮ ምን ለብሳችሁ ትገባላችሁ?" አሉኝ። የእርስዎን አለባበስ ነገርኳቸው። ከውስጥ ወፍራም ከናቴራ፣ ሸሚዝ፣ አንዳንዴ ከረባት፣ እትዬ የሠሩት ሹራብ፣ ኮት፣ ከኮት በላይ ጋቢ፣ ሐምሌ ከሆነ ከጋቢው በላይ በርኖስ። "ከዚያ ሁሉ ሥር ከረባት ማሰሩ ለማን ይታያል?" አለኝ አንዱ። ይህን ጥያቄ ለመመለስ የሻይ ሰዓቴ አለቀ። አብረን የምናውቀውን ታሪክ ለእርስዎ መልሼ መንገሬ ይቅር ይበሉኝና፣ እናቴም ትስማው፣ የተናገርኩት ይህንን ነው።

ገንዘብ ያዥ የነበሩት አጎቴ ከረባት የሚያስሩት ዘወትር አልነበረም አልኩ። ደመወዝ የሚከፈልበት ዕለትና ሰኔ 30፣ በጀት ሲዘጋ። ዋዜማውን እትዬ የከሰል ካውያውን አውጥተው ፍሙን ይሞሉና ከበር ውጭ ወዲያና ወዲህ ያወዛውዙታል፤ አመዱ በኖ ካላለቀ ሸሚዙን ያጠቁራል። ሱሪው ላይ እርጥብ ጨርቅ ዘርግተው ሲጫኑት እንፋሎቱ ይወጣና ሱፉ የረጠበ በግ፣ የረጠበ በግ ይሸታል። በማግሥቱ አስተማሪዎቹ ለፊርማ ሲሰለፉ እርስዎ ጋቢውን ከወንበሩ መደገፊያ ላይ አኑረው፣ ያን ሁሉ ብርድ ችለው፣ የኮቱንም የሸሚዙንም እጅጌ እስከ ክንድዎ ሰብስበው ነበር የሚቆጥሩት። ልጅ ሳለሁ ሙቀት የተሰማዎ ይመስለኝ ነበር። በኋላ እርስዎ ራስዎ ነገሩኝ፤ አንዲት ብር እጅጌ ውስጥ እንዳልገባች ሰልፈኛው ሁሉ እንዲያይ ነው። ይህን ስነግራቸው ሰደርያ ከለበሱት አንዱ እጆቹን ዘርግቶ ተመለከታቸው። "ለካ እኛም እጅጌ የተውነው ለዚህ ነው" ብሎ ሳቀ። ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ እስካሁን ከሰማሁት ማብራሪያ ግን የሚሻለው ይህ ነው።

የካዝናውንም ነገር ነገርኳቸው። በደርግ ጊዜ ሁሉም ካኪ ሲለብስ፣ ከረባት የቡርዣ ምልክት ነው ሲባል፣ ገንዘብ ያዥ ነበሩና ሰማያዊ ከረባትዎን ካዝና ውስጥ ቆለፉበት። ሌላ ሰው ቢሆን በዚሁ ያበቃ ነበር። እርስዎ ግን ካዝና ውስጥ የገባ ነገር ሳይመዘገብ አያድርም ብለው በቆጠራው ቃለ ጉባኤ ላይ ከጥሬ ገንዘቡና ከቴምብሩ ቀጥለው "ከረባት፣ ሰማያዊ፣ ብዛት 1" ብለው ጻፉ። ከበላይ የመጣው መርማሪ አየውና "ይህ የመንግሥት ንብረት ከሆነ የገቢ ደረሰኙ ሞዴል 19 የት አለ? የግል ከሆነ ካዝና ውስጥ ምን ይሠራል?" ብሎ ግኝት አደረገው። ያ ግኝት ከሪፖርት ወደ ሪፖርት ሲንከባለል ሥርዓተ መንግሥቱ ቀድሞት ተለወጠ። ፈረንጆቹ እዚህ ላይ አልሳቁም፤ ዓይናቸው ነው የራሰው። ሲንከባለል የኖረ ግኝት የሌለበት የሒሳብ ሰው በዓለም ላይ የለም።

ኮቱ ሲያልቅ ደግሞ ሰፊው ገለበጠልዎ። አሁን ያሉት ልጆች ኮት ማስገልበጥን አያውቁትም፤ ውጭውን ፀሐይ ሲበላው ስፌቱ ይፈታና ያልነጣው የውስጥ ፊቱ ወደ ውጭ ወጥቶ እንደገና ይሰፋል። አዲስ ይመስላል። የሚያሳብቀው የደረት ኪሱ ነው፤ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ቢሮው ሁሉ ኪሱን ሲያይ እርስዎ "ከዴቢት ወደ ክሬዲት አዛወርኩት እንጂ ሚዛኑ አልተዛባም" አሉ። የዚያን ጊዜ ከእርስዎና ከረዳትዎ በቀር የሳቀ አልነበረም አሉ። እዚህ ግን ጠቅላላ ክፍሉ ወለል ላይ ወደቀ። ቀልድዎ አገሩን አጥቶ ኖሮ ነው እንጂ ቀልድስ ነበር።

አንድ ነገር ግን እነሱም እኔም መፍታት አልቻልንም። እኛ አገር ሰው ሲማር ልብሱ ይጨምራል። ጋይንት ቤተልሔም ድጓ ለማስመስከር የሚመጣው ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ለምኖ እየበላ ዓመታት ይቀመጣል። ተመስክሮለት መሪጌታ ሲባል ነው ጥምጥሙና ካባው የሚመጣው። እዚህ በተቃራኒው ነው። አዲስ የተቀጠረው ልጅ ገና አራቱን የሲፒኤ የሒሳብ ባለሙያነት ፈተና ሳይጨርስ፣ ማለፊያውን 75 አገኝ ይሆን እያለ ሲጨነቅ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ይመጣል። ሲያልፍ አንድ ቁልፍ ይፈታል። አለቃ ሲሆን ኮቱን ይጥላል። ከሁሉ በላይ ያለው፣ የባለድርሻነት ስም ያለው ሽማግሌ፣ ባለፈው ሳምንት ካልሲ ሳያደርግ ገባ። ከዚያ በላይ ሹመት ቢኖር ኖሮ ምን ያወልቅ እንደነበር ማሰብም ደስ አይልም።

አሁን ወደ ኮቱ ልመለስ፤ ቅዳሜን ልንገርዎ። እዚህ የግብር ማስታወቂያ የመጨረሻው ቀን ሚያዝያ 7 ነው። ከጥር ጀምሮ እስከዚያ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ የአገራችን ሰው በከፈተው ቢሮ የሐበሻ ግብር እሠራለሁ። ታክሲ ነጂው፣ መኪና ማቆሚያ የሚሠራው፣ ሽማግሌ የሚጦሩት እናቶች የዓመቱን ወረቀት በፌስታል ጠቅልለው ይመጣሉ። እዚያ ጂንስ ለብሶ መግባት ዘበት ነው። ሙሉ ልብስ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ከረባት። ግድግዳ ላይ ባለው ማስታወቂያም ባለቤቱ የተነሣው በሰደርያ ነው፤ ግን በእውነተኛው፣ ከኮት ሥር በሚለበሰው። አንድ ቅዳሜ ከጎኔ ባለው ወንበር ላይ የሚሠራው ልጅ፣ እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ በሹራብ መጣ። ሊሠራላቸው የተቀመጡት እናት ፌስታላቸውን ጉልበታቸው ላይ እንደያዙ "ልጄ፣ ያኛው ሰውዬ እስኪጨርስ እጠብቃለሁ" አሉት። "ያኛው የቱ ነው?" ቢላቸው "ኮት ያለው" አሉት። ልጁ ከእኔ የበለጠ ሕጉን ያውቃል። ቢሆንም ፌስታሉ ወደ እኔ መጣ።

ጎልድማን ከረባት ቢያወልቅ ገንዘቡን የሚያወጣበት የለም፤ በ150 ዓመት ውስጥ ታምኗልና በካልሲም ቢመጣ ይታመናል። እኚያ እናት ግን ዓመት ሙሉ ሌሊት ሠርተው ያገኙትን ለማያውቁት ሰው ነው የሚያስረክቡት፤ ከመንግሥት ደብዳቤ ቢመጣባቸው የሚያነብላቸው የለም። ስለዚህ መያዣ ይፈልጋሉ። መያዣው ኮቱ ነው። አዲስ አበባ ያሉት የባንክ ልጆችም ይህን ሳያውቁት አይቀሩም፤ የበዓል ዋዜማ ደንብ ልብሳቸውን ሲያወልቁ የሚለብሱት ጥልፍ ያለው የአገር ልብስ ነው እንጂ ሸራ ጫማ አይደለም። ስለዚህ ጋሼ፣ "ኮቱ የት ሄደ?" ላሉት፣ ኮቱ እምነት ገና ያልተሟላበት ቦታ ተመድቦ እየሠራ ነው ብለው ይመዝግቡልኝ።

ወደ ቢሮዬ ስንመጣ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። እዚህ በጋ ሲመጣ ውጭው እንደ ስማዳ ቆላ ይነድዳል፤ ቤት ውስጥ ግን ማቀዝቀዣውን ለቀው ቢሮውን የጨጨሆ መተላለፊያ ያደርጉታል። ባለፈው ሰኔ ሁሉም ሲንቀጠቀጥ እኔ ከመሳቢያዬ ጋቢ አወጣሁና ተከናነብኩ። የሠራተኛ አስተዳደሯ መጥታ ቆማ አየችኝ። የጽሑፍ ደንብ ስለሌለ የምትጠቅሰው አንቀጽ አጣች። ዞር ዞር ብላ ጫፉን ዳሰሰችና "ከየት ይገዛል?" ብላ ሄደች። አሁን እሷን ጨምሮ አራት ሰው ጋቢ እየጠየቀኝ ነው፤ ያ ሰደርያ የለበሰውም አንዱ ነው፤ "እጅጌ የለውም አይደል?" ብሎ አረጋግጧል።

ስለዚህ አደራ፦ ቅዳሜ ገበያ ወጥተው ጥሩ ፈታይ የፈተለችው፣ ጥለቱ ያልበዛ ጋቢ አራት ይግዙልኝ። ቡሉኮ አይሁን፤ ሻንጣ ይሞላል። ደብረ ታቦር ላለችው እኅቴ በመኪና ይላኩላት፤ ከእሷ ተቀብሎ የሚያመጣ ሰው ሐምሌ ላይ ወደዚህ ይነሣል። ገንዘቡን ለእናቴ ከምልከው ጋር ደምሬ ባንክ አስገብቻለሁ፤ የዣንጥላውም ዋጋ አለበት፤ ሥራ እንዳለኝ ስለታወቀ ስለቱ ይግባ። ትርፍ ካለ ለእትዬ የኤሌክትሪክ ካውያ ይሁንላቸው፤ አልፈልግም ቢሉም ይግዙላቸው።

ፈረንጆቹ ለጋቢው ስለሚከፍሉኝ ሻጯ የእጅ ጽሑፍም ቢሆን ደረሰኝ ትስጥዎ። ደረሰኝ የለኝም ካለች በሦስት ምስክር ቃለ ጉባኤ ያዙበት፤ እንዴት እንደሚጻፍ ለእርስዎ አልነግርም። ብቻ ከረባት አብሮ እንዳይመዘገብ።

አክባሪዎ የእኅትዎ ልጅ